መነሻ ውህድ ምንድን ነው? እንጉዳይ ከትሪፕቶፋን ሲሎሳይቢን የሚሠራበት መንገድ

የሲሎሳይቤ ወገን የሆነን እንጉዳይ ግንዱን ጫን ሲሉት ብዙውን ጊዜ ቦታው ሰማያዊ ይሆናል። ልክ የተመታ ቆዳ እንደሚበልዝ። ጣት ከማረፉ በፊት ግን እዚያ ሰማያዊ ቀለም አልነበረም። ታዲያ ከየት መጣ? ይህን ለመመለስ እንጉዳዩ ከምን ተነስቶ ምን እንደሚሠራ ማየት አለብን። ወደ ሰማያዊው እንመለስበታለን።

ብዙ ሰው እንጉዳይ አእምሮን የሚቀይረውን ነገር፣ ሲሎሳይቢን የሚባለውን ውህድ፣ ከአፈር መጥጦ የሚያከማች ይመስለዋል። አይደለም። ራሱ ይሠራዋል። ሲሠራው ደግሞ ከባዶ አይነሳም። ሴሉ ውስጥ ለሌላ ጉዳይ የተቀመጠ ውህድ አንስቶ እዚህ ጋ ይቆርጣል፣ እዚያ ጋ ይቀጥላል። ያ የሚነሳበት ውህድ ነው መነሻ ውህድ የሚባለው። ቃሉ አንጻራዊ ነው። በአንዱ ደረጃ የተሠራው ነገር ለቀጣዩ ደረጃ መነሻ ይሆናል። ስለዚህ አንድ ውህድ "መነሻ ነው" ከተባለ ወዲያው "የምን?" ብሎ መጠየቅ ነው።

ሲሎሳይቢንን የመሰለ ውህድ አልካሎይድ ይባላል፤ ይህም ቃል ማብራሪያ ይፈልጋል። ስሙን እ.ኤ.አ. በ1819 ያወጣው ጀርመናዊው ፋርማሲስት ቪልሄልም ማይስነር ነው። ናይትሮጅን ያለባቸውና አብዛኛውን ጊዜ የአልካሊ፣ ማለትም የአሲድ ተቃራኒ፣ ጠባይ የሚያሳዩ የተፈጥሮ ውህዶች ይጠሩበታል። ካፌይን፣ ኒኮቲን፣ ሞርፊን ሁሉም ከዚህ ቤተሰብ ናቸው። የእኛው ሲሎሳይቢንም እንደዚሁ።

የሲሎሳይቢን መነሻ ትሪፕቶፋን ነው። ትሪፕቶፋን ብርቅ ነገር አይደለም። ፕሮቲን ከሚገነባባቸው 20 አሚኖ አሲዶች አንዱ ነው፤ በእኛም ሰውነት ውስጥ አለ። እኛ ከእሱ ሴሮቶኒን የሚባለውን የአእምሮ መልእክተኛ እንሠራለን። ቅርጹን ለማሰብ ሁለት የተጣበቁ ቀለበቶችና ከአንደኛው ላይ የተንጠለጠለ ጅራት ይበቃል። ጅራቱ ላይ ናይትሮጅን አለ፤ በዚያው ላይ አሲድ የሚያሰኘው ቁራጭም ተንጠልጥሏል።

እንጉዳዩ ይህን ይዞ አራት ኢንዛይሞች ያሰማራበታል። ኢንዛይም ማለት አንድ ሥራ ብቻ የለመደ፣ እሱን ግን አሳምሮ የሚሠራ ፕሮቲን ነው በሉት። የመጀመሪያው የአሲዱን ቁራጭ ከጅራቱ ይቆርጠዋል። ቁራጩ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሆኖ ይሄዳል፤ የቀረው ትሪፕታሚን ይባላል። ሁለተኛው ቀለበቱ ላይ፣ 4ኛው ቦታ ላይ፣ አንድ ኦክስጅን ከሃይድሮጅን ጋር ይተክላል። ይህ ቁጥር ቀላል እንዳይመስላችሁ። ሴሮቶኒን ላይ ያው ኦክስጅን የተተከለው 5ኛው ቦታ ላይ ነው። በሁለቱ መካከል ያለው ርቀት የአንድ ካርቦን ነው።

ሦስተኛው ኢንዛይም በዚያ ኦክስጅን ላይ ፎስፌት የሚባል፣ ፎስፈረስ ያለበት ቁራጭ ይለጥፋል። ፎስፌቱን የሚያገኘው ሴሉ ለጉልበት ከሚጠቀምበት ከኤቲፒ ነው። የመጨረሻው ደግሞ ወደ ጅራቱ ተመልሶ ናይትሮጅኑ ላይ ሜቲል የሚባል ትንሽ ቁራጭ ይጨምራል። አንዴ ሲጨምር ባዮሲስቲን የሚባል ውህድ ይወጣል። ያው ኢንዛይም ሁለተኛ ሜቲል ሲጨምርበት ሲሎሳይቢን ሆነ ማለት ነው። እዚያ ላይ ያቆማል። እ.ኤ.አ. በ2024 የዚህ ኢንዛይም ቅርጽ በዝርዝር ሲታይ ዘመዶቹ አርኤንኤ ላይ ሜቲል የሚለጥፉ ኢንዛይሞች ሆነው ተገኙ። ማለትም ለሌላ ሥራ የተፈጠረ ዕቃ ለዚህ ሥራ ተገራ። እኔን ከሁሉም በላይ የሚገርመኝ ይሄ ነው።

ቅደም ተከተሉ ዛሬ ግልጽ ይመስላል፤ ብዙ ዘመን ግን ተሳስቶ ነበር የሚነገረው። ሲሎሳይቢንን ከእንጉዳይ ለይቶ ያወጣው ስዊዘርላንዳዊው ኬሚስት አልበርት ሆፍማን ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1958 ባዝል ከተማ በሳንዶዝ ኩባንያ ሲሠራ። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ሌሎች ተመራማሪዎች ራዲዮአክቲቭ ምልክት የተደረገባቸውን መነሻ ውህዶች ለእንጉዳዩ እየሰጡ ምልክቱ የት እንደሚደርስ ተከታተሉ። ከዚያ ተነስተው አንድ መንገድ ሣሉ። በነሱ ሥዕል ሜቲሎቹ ቀድመው ይገባሉ፤ ኦክስጅኑ ቀጥሎ ይተከላል፤ ፎስፌቱ በመጨረሻ ይለጠፋል። ነገሩ ሞኝነት አልነበረም። እንጉዳዩ የሚሰጡትን ብዙ ነገር ተቀብሎ ስለሚቀይር ምልክቱ መድረሱ ብቻ የዘወትር መንገዱን አያሳይም። ሰው ቤቱ በጓሮ በርም ሊገባ ይችላል፤ በየቀኑ የሚገባው ግን በዋናው በር ነው።

እ.ኤ.አ. በ2017 በጀርመኗ የና ከተማ ያለው የዲርክ ሆፍማይስተር ቡድን ሌላ መንገድ ያዘ። ውህዱን ትቶ ኢንዛይሞቹን ፈለገ። ዘረመሎቹን አገኘ፤ ኢንዛይሞቹን ለየብቻ አሠርቶ እያንዳንዱ የትኛውን ውህድ እንደሚወድ ፈተሸ። ያኔ ነው ፎስፌቱ ከሜቲሎቹ በፊት እንደሚለጠፍ የታወቀው።

ቢቀድም ባይቀድም ምን ለውጥ አለው? ትልቅ ለውጥ አለው። ፎስፌት የሌለው ሲሎሳይቢን ሲሎሲን ይባላል። አእምሮ ላይ የሚሠራው እሱ ነው። ሲሎሳይቢን ራሱ ክዳኑ እንደተዘጋ ጠርሙስ ነው፤ ሰውነት ውስጥ ሲገባ የእኛው ኢንዛይሞች ፎስፌቱን ይነቅሉለታል። ከዚያ ሲሎሲኑ ሴሮቶኒን የሚያርፍባቸው ተቀባዮች ላይ፣ በተለይ 5-ኤችቲ2ኤ በሚባለው ላይ፣ ያርፋል። እንግዲህ የ4ኛውና የ5ኛው ቦታ ጉዳይ እዚህ ጋ ይመጣል። ቁልፉ ይመሳሰላል፣ ግን ያው አይደለም።

እንጉዳዩ ግን ለእኛ ብሎ አይደለም ክዳኑን የሚዘጋው። ሲሎሲን ኦክስጅን ሲያገኘው በቀላሉ የሚበላሽ ውህድ ነው። ፎስፌቱ ቀድሞ ከተለጠፈ የመንገዱ የመጨረሻ ክፍል በሙሉ በተዘጋ ዕቃ ይካሄዳል፤ ሲሎሲን መሐል ላይ አይፈጠርም። ድንገት ክዳኑ ከወለቀ እንኳ ያው ሦስተኛው ኢንዛይም ሲሎሲኑን መልሶ ሊዘጋው ይችላል። ጥገናም አለው በሉት።

አሁን ወደ ሰማያዊው። ግንዱ ሲጫን ሴሎች ይፈነዳሉ፤ ተለያይተው የነበሩ ነገሮች ይገናኛሉ። አንድ ኢንዛይም ፎስፌቱን ይነቅላል። ሌላው ሲሎሲኑን ከኦክስጅን ጋር ያገናኘዋል። ኦክስጅን ያገኛቸው ሲሎሲኖች እርስ በርስ ይያያዛሉ፤ ሰንሰለቱ ሰማያዊ ነው። ይህም ከየና በ2020 የተነገረ ነው። ስለዚህ ሰማያዊው የአልካሎይዱ ምልክት ብቻ አይደለም፤ እየጠፋ ያለው አልካሎይድ ራሱ ነው። እግረ መንገዴን፦ ሰማያዊ የሆነ እንጉዳይ ሁሉ ሲሎሳይቢን አለው ማለት አይደለም። ቦሌት የሚባሉት ብዙዎቹ ሲቆረጡ ሰማያዊ ይሆናሉ፤ ኬሚስትሪያቸው ፍጹም ሌላ ነው። በቀለም እንጉዳይ መለየት አደጋ አለው።

አእምሮ ላይ የሚሠራ እንጉዳይ ሁሉ ከትሪፕቶፋን አይነሳም። ቀይ ባርኔጣ ላይ ነጭ ነጠብጣብ ያለው አማኒታ ሙስካሪያ መነሻው ግሉታሜት ነው። እሱም አሚኖ አሲድ ነው፤ ግን ከእሱ የሚወጣው ኢቦቴኒክ አሲድ ነው። እንጉዳዩ ሲደርቅ ከዚህ አሲድ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይወጣና ከፊሉ ሙስሲሞል ይሆናል። ይህ ሴሮቶኒንን አይመስልም፤ ጋባ የሚባለውን የአእምሮ መልእክተኛ ነው የሚመስለው። ሁለቱንም "አእምሮ ቀያሪ እንጉዳይ" ብሎ በአንድ ከረጢት መክተት ትንሽ ያሳስታል።

የሲሎሳይቢን ዘረመሎች ዲኤንኤው ላይ ጎን ለጎን ተሰልፈው ነው የሚገኙት። ይህ ሰልፍ በሩቅ የሚዛመዱ እንጉዳዮች ውስጥም ተገኝቷል። እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣ ጥናት ሰልፉ እንዳለ ከአንዱ ዝርያ ወደ ሌላው መሻገሩን የሚያሳይ ማስረጃ አቀረበ። ከወላጅ ሳይወረስ፣ ከጎረቤት።

ሁሉም ግን ከጎረቤት አልተዋሱም። ኢኖሳይቤ በሚባለው ወገን ውስጥም ሲሎሳይቢን የሚሠሩ ዝርያዎች አሉ። የየናው ቡድን በ2025 የነሱን ኢንዛይሞች ሲያይ ከሲሎሳይቤ ኢንዛይሞች ጋር የማይዛመዱ ሆነው አገኛቸው። የሚያካሂዷቸው ደረጃዎችም ይለያያሉ። መነሻው ያው ትሪፕቶፋን፣ መድረሻው ያው ሲሎሳይቢን፤ መንገዱ ግን ሁለት ጊዜ፣ ለየብቻ፣ ተጠርጓል።