ጠጅ ቤትና አዝማሪ ቤት፦ የሚወራውና እውነቱ

ከውጭ የመጣ ዘመዴ "ጠጅ ቤት ውሰደኝ" አለኝና ወሰድኩት። የጠበቀው ማሲንቆና እስክስታ ነበር። ያገኘው አግዳሚ ወንበር፣ ብርሌ የጨበጡ ሽማግሌዎችና የሞቀ ወሬ ነው። ገና ሳይመሽ ደግሞ ቤቱ ሊዘጋ ሆነ። ተኮሳተረብኝ። ከእሱ ስህተት ልጀምር።

"ጠጅ ቤትና አዝማሪ ቤት አንድ ነው።" አይደለም። ጠጅ ቤት የቀን ቤት ነው፤ ሰው የሚሄደው ለጠጁና ለጨዋታው ነው። አዝማሪ ቤት የሚሞቀው ማታ ነው፤ ቢራም ይሸጣል። አዲስ አበባ ውስጥ ካዛንቺስ በእነዚህ ቤቶች የታወቀ ነበር፣ ሰፈሩ በ2017 ዓ.ም. እስኪፈርስ ድረስ።

"ጠጁ ቢጫ ከሆነ የማር ነው።" ቀለሙን አትመኑ። ነጭ ማር አለ፣ ቀይ ማር አለ። ማር ሲወደድ ስኳር የሚሞጅር፣ ቢጫ ቀለም ጠብ የሚያደርግም አይጠፋም። ደንበኛው ጠጅ ሲጣል አንድ እጅ ማር በሦስት ወይም በአራት እጅ ውሃ ይበጠበጣል፤ በወይራ በታጠነ ጋን ይብላላል፤ ጌሾ ይገባበታል። ለጠጅ የሚመረጠው የጌሾ እንጨት ነው፤ ቅጠሉ ለጠላ ይሄዳል። እኔ መጀመሪያ ብርሌውን ወደ አፍንጫዬ አስጠጋለሁ። ማር ማር መሽተት አለበት። ከዋጥኩት በኋላ ደግሞ የጌሾው ምሬት ትንሽ ሊቆይ ይገባል። ጣፍጦ ብቻ ካለቀ እጠረጥራለሁ።

"ጣፋጭ ነው፣ አያሰክርም።" ብርዝ ከሆነ ልክ ናችሁ፤ ገና ያልፈላ የማር ውሃ ነው። ጠጅ ግን በሰነበተ ቁጥር ጣፋጩ ወደ አልኮል ይለወጣል። ጭንቅላት "ደህና ነኝ" ይላል። ለመነሳት ስትሞክሩ እግር እውነቱን ይናገራል።

"የተራ ሰው መጠጥ ነው" የሚሉም አሉ። ድሮ ጠጅ የቤተ መንግሥትና የመኳንንት ግብር መጠጥ ነበር። ተራው ሰው ጠላውን ይጠጣ ነበር።

"አዝማሪ ገንዘብ ለቃሚ፣ ተሳዳቢ ነው።" ይሄኛው ያበሽቀኛል። ስሙ ከግዕዙ "ዘመረ" የመጣ ነው፤ መዝሙርም ከዚያው ነው። ገና በር ስትገቡ ሸሚዛችሁን፣ መላጣችሁን፣ አብራችሁ የመጣችውን አይቶ ግጥም ይቋጥራል። አንዱ ደግሞ "ተቀበል!" ብሎ ስንኝ ይወረውርለታል፤ ወዲያው በዜማ ይመልሳታል። አንድ ማታ ሽልማት የሰሰተ ሰውዬ ፊት ቆሞ "ብርሌ ጨብጠህ ብር የለኝም ትላለህ?" ሲለው ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ይህን ሁሉ የምታጅበው ማሲንቆ የፈረስ ጭራ የሆነች አንድ ክር ብቻ ናት ያላት። ቀልድ ብቻም አይደለም። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. ግራዚያኒ ከግድያ ሙከራ ከተረፈ በኋላ እንዲገደሉ ካዘዘባቸው መካከል ጠንቋዮችና ዘፋኞች ነበሩበት። ባለ መትረየሱ ማሲንቆ ፈራ ማለት ነው።

ላሊበሎችን ከአዝማሪ ጋር የሚቀላቅልም ብዙ ነው። እነሱ ጎህ ሳይቀድ በየደጁ ያለ ማሲንቆ ይዘፍናሉ፤ ሲሰጧቸው መርቀው ይሄዳሉ።

"ጠጅ ቤት የሚበላ የለም" የሚባለው ደግሞ ሜኑ ስለማይታይ ነው። ቆሎ አለ። ቁርጥ ካማራችሁ አጠገብ ወዳለው ሥጋ ቤት ይላካል። ያን ዕለት ባለቤቷ ለቤተሰብ የሠራችውን ሽሮ አካፈለችን፤ የዘመዴም ኩርፊያ እዚያው ላይ ለቀቀው።