ሪፕ ከረንት ምንድን ነው? እያሳሳቀ የሚወስደው ውሃ

አብዛኞቻችን ዋና የለመድነው ወንዝ ወይም ሐይቅ ውስጥ ነው። ላንጋኖ ሲንቦጫረቅ ያደገ ሰው ጥልቀቱን ይፈራ ይሆናል እንጂ ውሃው ራሱ ይዞኝ ይሄዳል ብሎ አያስብም። ይህ ሰው አንድ ቀን ቴል አቪቭ ወይም ሜሪላንድ ውስጥ ኦሽን ሲቲ የባሕር ዳርቻ ላይ ይቆማል። ሞገዱ ግራና ቀኝ እየተሰበረ ያጓራል። መሀል ላይ ግን አረፋ የሌለበት፣ ጸጥ ያለ ቦታ አለ። የት ይገባል? እኔም ብሆን ጸጥ ወዳለው ነበር የምሄደው። ሪፕ ከረንት ብዙ ጊዜ ያለው ደግሞ እዚያው ነው።

ሪፕ ከረንት ከዳርቻው ተነስቶ ወደ ባሕሩ ውስጥ የሚፈስ ጠባብና ኃይለኛ ጅረት ነው። ባሕር ውስጥ ያለ ወንዝ ልትሉት ትችላላችሁ። አፈጣጠሩ እንዲህ ነው። ከዳርቻው ትንሽ ራቅ ብሎ፣ ከውሃው ሥር የአሸዋ ጉብታ ይኖራል። ሞገድ እዚያ ሲደርስ ይሰበራል፤ ነጭ አረፋ የምናየውም ያኔ ነው። ውሃው ጉብታውን ተሻግሮ ዳርቻው ጋ ይከማቻል። የመጣ ውሃ መመለስ አለበት፤ በመጣበት እንዳይመለስ ግን ከኋላ ሌላ ሞገድ እየገፋው ነው። ስለዚህ በጎን በጎን ይሄድና ጉብታው የተቆረጠበትን ቦታ ይፈልጋል። ሲያገኝ በዚያች ጠባብ በር ተግተልትሎ ይወጣል። የክረምት ጎርፍ በአጥር ቀዳዳ ሲወጣ ያየ ሰው ነገሩ ወዲያው ይገባዋል። በሩ ጋ ውሃው ጠለቅ ስለሚል ሞገዱ ብዙም አይሰበርም፣ አረፋም አይኖርም። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል የሚባለው ለወንዝ ይሆናል፤ እዚህ ግን ቃል በቃል ይሠራል።

ፍጥነቱ ብዙ ጊዜ በሰከንድ ከግማሽ ሜትር ብዙም አይበልጥም። ሲብስ ግን በሰከንድ እስከ 2.4 ሜትር ይደርሳል። ለማነጻጸር ያህል፣ በ2024 የፓሪስ ኦሊምፒክ የ100 ሜትር ነጻ ዋና ወርቅ ያገኘው ፓን ዣንሌ የገባው በ46.40 ሰከንድ ነው። ሲካፈል በሰከንድ 2.16 ሜትር አካባቢ ይመጣል። እሱንም ይቀድመዋል ማለት ነው።

ስሙ ላይ ትንሽ ግርግር አለ። እስራኤል ውስጥ ብዙ ሰው "መዓርቦሌት" ይለዋል፣ አዙሪት እንደማለት ነው። ሪፕ ከረንት ግን አዙሪት አይደለም፤ ሰውንም ወደ ታች አይጎትትም። የሚወስደው ወደ ውጭ፣ በውሃው ላይ ነው። ልዩነቱ ተራ የቃል ጉዳይ እንዳይመስላችሁ። ወደ ታች ሊውጠኝ ነው ብሎ የደነገጠ ሰው ያለ የሌለ ኃይሉን አውጥቶ ቀጥታ ወደ ዳርቻው ይዋኛል። ውሃው ወደ ኋላ ይመልሰዋል። እንደገና ይሞክራል። የሚያሰምጠው ድካሙና ድንጋጤው ነው።

አውስትራሊያ ሲድኒ የሚገኘው የቦንዳይ የባሕር ዳርቻ ለዚህ ነገር ዓለም ያወቀው ቦታ ነው። እ.ኤ.አ. የካቲት 6 ቀን 1938፣ እሑድ፣ ዳርቻው በሰው ተጨናንቆ ሳለ ግዙፍ ሞገዶች በላይ በላዩ መጡ። የተመለሰው ውሃ ባሕሩ ውስጥ ያለው የአሸዋ ጉብታ ላይ ቆመው የነበሩትን ከ200 በላይ ሰዎች ጠርጎ ወደ ጥልቁ ወሰዳቸው። 5 ሰዎች ሞቱ። ደግነቱ ብዙ የነፍስ አድን ክለብ አባላት እዚያው ስለነበሩ ሌሎቹን አወጧቸው። ዛሬም በዳርቻው ደቡብ ጫፍ የታወቀ ሪፕ አለ። ስሙ "ባክፓከርስ ኤክስፕረስ" ነው፤ ቦርሳ አዝለው የሚዞሩ ቱሪስቶች ፈጣን መጓጓዣ እንደማለት። ከአውቶቡስ የወረደ እንግዳ በቅርቡ ባገኘው በኩል ዘው ስለሚል የወጣለት ስም ነው።

ከተያዛችሁስ? የድሮው ምክር አጭር ነበር፦ ከዳርቻው ጎን ለጎን ዋኙ፣ ጅረቱ ጠባብ ስለሆነ ትወጣላችሁ። አሁንም ብዙ ቦታ ይሠራል። ካሊፎርኒያ ሞንተሬይ ውስጥ ጄሚ ማክማሃን የተባለ ተመራማሪ ጂፒኤስ የተገጠመላቸው ተንሳፋፊዎች ለቆ ሲከታተል ግን ሌላ ነገር አየ። ብዙዎቹ ወደ ውጭ ሄደው አልቀሩም፤ በደቂቃዎች ውስጥ ዞረው ወደ ጉብታው ተመለሱ። እንዲህ በሚዞር ውሃ ውስጥ በተሳሳተው ጎን የዋኘ ሰው መልሶ ከጅረቱ ጋር ይታገላል። ስለዚህ በኔ ግምት የሚሻለው ቅደም ተከተል ይህ ነው። መጀመሪያ ተንሳፈፉ፣ ትንፋሻችሁን ሰብስቡ፣ እጃችሁን አንሥታችሁ ተጣሩ። ጉልበት ካላችሁ ሞገድ ወደሚሰበርበት፣ ወደ ነጩ አረፋ በጎን ዋኙ። በአንዱ በኩል ካልሆነ በሌላው ሞክሩ። የሚያስፈራው ሞገድ እዚህ ጋ ወዳጅ ነው፤ ወደ ዳርቻ የሚገፋው እሱ ነው።

ከዳርቻ ሆኖ የሚያየው ሰው ፈተና ደግሞ የባሰ ነው። ወንድም ሲወሰድ እህት ዝም ብላ አትቆምም፣ ዘላ ትገባለች። ከዚያ ሁለት ሰው ይሆናል። የሚንሳፈፍ ነገር ወርውሩለት፦ ኳስ፣ የተዘጋ ባዶ ጀሪካን፣ የበረዶ ሳጥን ክዳን። ወዲያው ነፍስ አድን ጥሩ። እሱ ከሌለ እስራኤል 101፣ አሜሪካ 911 ደውሉ።

እስራኤል ውስጥ ነጭ ባንዲራ ከሆነ መዋኘት ይቻላል፣ ቀይ አደገኛ ነው፣ ጥቁር ክልክል ነው። በድምፅ ማጉያ ሲጮህ የሚውለው ነፍስ አድን አንዳንዴ ያናድዳል፤ ብዙ ጊዜ የሚጮኸው ግን ከዚያ በር ራቁ እያለ ነው። አሜሪካ ውስጥ ሁለት ቀይ ባንዲራ ከተሰቀለ ውሃው ዝግ ነው። የሰማዩ ጥራት አያታልላችሁ። ሞገዱ ከሩቅ ማዕበል ሊመጣ ስለሚችል ፀሐይ እየሞቃችሁም ሪፕ ይኖራል። ከፒር (ወደ ባሕሩ ገብቶ ከተሠራ መድረክ) እና ከሞገድ መከላከያ ድንጋይ ጥግም ራቅ በሉ፤ ውሃው ግድግዳውን ተከትሎ ይወጣል።

የነፍስ አድኑ ማማ ባዶ ከሆነ አለመግባት ይሻላል። ባንዲራ ኖሮም ቢሆን ከመግባታችሁ በፊት ከፍ ያለ ቦታ ላይ ቆማችሁ ጥቂት ደቂቃ ውሃውን እዩ። የአረፋው መስመር የት ጋ ይቋረጣል? ቀለሙ ጠቆር ያለው፣ ወይም በአሸዋ ደፍርሶ ወደ ውጭ የሚሄደው የት ጋ ነው? ፎጣችሁን ከዚያ ራቅ አድርጋችሁ ዘርጉ፤ ልጆች የሚገቡት ፎጣው ፊት ለፊት ነውና።