ጥቁሩ ሳጥን ከተገኘ ታዲያ መርማሪዎቹን ምን ያስቆያቸዋል?

ሐረር ኤርፖርት ስለሌላት የሐረርም የድሬም መንገደኛ የሚሳፈረው ድሬዳዋ ካለው አባ ጤና ደጃዝማች ይልማ ኤርፖርት ነው። የሆነ ቦታ አውሮፕላን ወደቀ ሲባል ታዲያ ወሬው የሁሉም ነው። ከሰዓት በርጫው ላይ ሁሉም መርማሪ ይሆናል፤ ሳይመሽ ፍርዱ ይሰጣል። ዓመት አልፎ የመርማሪዎቹ ሪፖርት ሳይወጣ ሲቀር ደግሞ "አቦ፣ ምን እየሠሩ ነው?" ይባላል። ጥያቄውስ ተገቢ ነው። ችግሩ አብረውት የሚመጡት ግምቶች ናቸው።

"ጥቁሩ ሳጥን ተገኝቷል፤ በቃ አለቀ።"

ሲጀመር ሳጥኑ ጥቁር አይደለም። በስብርባሪ መሃል ቶሎ እንዲታይ ደማቅ ብርቱካናማ ነው የሚቀባው። ብዙ ጊዜ ሁለት ናቸው፤ አንዱ የበረራውን መረጃ፣ ሌላው የአብራሪዎቹን ክፍል ድምፅ ይቀዳል። ምን እንደተፈጠረ ይነግሩሃል። ለምን የሚለው ሌላ ጣጣ ነው።

መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም. ቢሾፍቱ አቅራቢያ ወድቆ 157 ሰዎች ያለቁበትን የኢትዮጵያ አየር መንገድ በረራ 302 እንይ፤ አውሮፕላኑ አሜሪካ ሠራሹ ቦይንግ 737 ማክስ ነበር። ሳጥኖቹ በማግስቱ ተገኙ፤ ፈረንሳይ ተልከው ተነበቡ። አውሮፕላኑ ወደ ነፋሱ ያለውን ማዕዘን ከሚለኩት ሁለት ሴንሰሮች የግራው 74.5 ዲግሪ ሲል የቀኙ 15 ገደማ ነበር። ኤምካስ የሚባለው ሶፍትዌር የተሳሳተውን አምኖ አፍንጫውን ደጋግሞ ወደ ታች ደፋው። ይህ ቶሎ ታወቀ። ግን የግራው ሴንሰር ምን ነካው? የኢትዮጵያ መርማሪዎች ታኅሣሥ 2015 ባወጡት የመጨረሻ ሪፖርት ከአመራረቱ የመጣ የኤሌክትሪክ ችግር ነው አሉ። የአሜሪካ መርማሪዎች ወፍ መትቶት ነው ብለው አልተስማሙም። መረጃው ያው፣ ድምዳሜው ሁለት።

"ዝም ያሉት የሚደብቁት ነገር ስላለ ነው።"

ዓለም አቀፉ የአውሮፕላን አደጋ ምርመራ ደንብ የመጀመሪያው ሪፖርት በ30 ቀን እንዲዘጋጅ ይላል። የ302ቱ መጋቢት 26 ወጥቷል። አውሮፕላኑን የሠራው አገር ወኪልም ምርመራው ውስጥ ይገባል፤ የመጨረሻው ሪፖርት ረቂቅ ደርሶት 60 ቀን አስተያየት መስጫ አለው። ይህ አሠራር ለመደበቅ አይመችም። ለመጓተት ግን እንዴት አድርጎ!

"ሪፖርቱ እስኪወጣ ምንም አይደረግም።"

አይደለም። የማክስ አውሮፕላኖች በቀናት ውስጥ ከበረራ ታገዱ፤ ዳተኛዋ አሜሪካ እንኳ መጋቢት 4 አገደች። እዚህ ላይ ግን የበርጫው ቁጣ ልክ ነው። አምስት ወር ሳይሞላ ቀደም ብሎ ኢንዶኔዥያ ውስጥ የዚሁ ዓይነት አውሮፕላን ወድቆ 189 ሰዎች ሞተዋል። ያኔ ማንም አላገደውም።

"ጥፋተኛው ይታወቅና ይታሰር!"

የመርማሪዎቹ ሥራ ይህ አይደለም። ደንቡ ራሱ ዓላማው ቀጣዩን አደጋ መከላከል እንጂ ማንንም መወንጀል አይደለም ይላል። ክስና ካሳ በሌላ በር ነው የሚሄዱት። የበረራ 302 ተሳፋሪዎች ቤተሰቦች ቺካጎ ላይ ቦይንግን የከሰሱት የመጨረሻው ሪፖርት ከመውጣቱ ከሦስት ዓመት በላይ ቀድመው ነው።