ዴድራይዝ ምንድን ነው? ውቅያኖስ ላይ ለማጥመድ ጀልባ ከመግዛታችሁ በፊት

ያገለገሉ ጀልባዎች ማስታወቂያ ስታገላብጡ መጀመሪያ ዓይናችሁ የሚያርፈው ርዝመቱ ላይ ነው። ቀጥሎ የሞተሩ ጉልበት፣ ከዚያ ዋጋው። ከዝርዝሩ መሃል «ዴድራይዝ፦ 21 ዲግሪ» የምትል አንዲት መስመር አለች። ብዙ ሰው ዘሏት ያልፋል። ጀልባው ባህር ላይ ወገባችሁን እንዴት እንደሚያደርገው ከሁሉ በላይ የምትናገረው ግን እሷ ናት ብዬ አምናለሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጀልባው ተሳቢው ላይ እንዳለ ከኋላው ቁሙና ሆዱን ተመልከቱ። መሃል ላይ ካለው ዝቅተኛ መስመር ተነስቶ ወደ ግራና ወደ ቀኝ ከፍ እያለ ይሄዳል። በከፊል ተከፍቶ በጀርባው የቆመ መጽሐፍ ይመስላል። ያ ወደ ላይ የሚያዘነብለው ሆድ ከአግድም መስመር ጋር የሚፈጥረው ማዕዘን ነው ዴድራይዝ የሚባለው። ሆዱ ጠፍጣፋ ከሆነ ማዕዘኑ ዜሮ ነው። ከ15 እስከ 18 ዲግሪ መካከለኛ ነው። ከ20 እስከ 24 ሲሆን «ዲፕ ቪ» ይሉታል። አምራቾች አብዛኛውን ጊዜ የሚጽፉት ሞተሩ በሚታሰርበት የኋላ ግድግዳ ላይ የተለካውን ነው። ይህን ያዙልኝ፤ በኋላ እመለስበታለሁ።

ምሳሌዬን ከአንድ ቦታ ላምጣ። በዋሽንግተን ዲሲ አካባቢ ካሉት ከሲልቨር ስፕሪንግም ሆነ ከአሌክሳንድሪያ ተነስቶ ውቅያኖስ ላይ ማጥመድ ለሚፈልግ ሰው ቅርብ ከሆኑት መውጫዎች አንዱ የሜሪላንዷ ኦሽን ሲቲ ናት። የቼሳፒክ ባህረ ሰላጤን ድልድይ (ቤይ ብሪጅን) ተሻግሮ በሩት 50 አውራ ጎዳና የሦስት ሰዓት ያህል መንገድ ነው። ከመውጫው ከ10 እስከ 20 ማይል ርቀት ላይ የሰመጡ መርከቦችና ሰው ሠራሽ ሪፎች አሉ። ብላክ ሲ ባስ የሚባለው ዓሣ የሚጠመደው እዚያ ነው። ቱና እና ማሂማሂ የተባሉትን ትልልቅ ዓሦች የሚሻ ሰው ደግሞ እንደ ባልቲሞር ካንየን ወዳሉት የባህር ውስጥ ገደሎች ይሄዳል። እነሱ 60 ማይል ገደማ ይርቃሉ። (ለቱና ቀድሞ የኖአን፣ ማለትም የአሜሪካን የውቅያኖስና የከባቢ አየር መሥሪያ ቤት፣ ፈቃድ ማውጣት ግዴታ ነው።)

መውጫው ራሱ ቀላል ቦታ እንዳይመስላችሁ። በኦገስት 1933 የመጣ ከባድ ማዕበል ነው ከተማዋ ያለችበትን ደሴት ቀድዶ የከፈተው። ውሃው ከውስጥ ወደ ባህር እየፈሰሰ ነፋሱ ከምሥራቅ ሲመጣበት ሁለቱ ይጋጫሉ። ሞገዱ አጭርና ቀጥ ያለ ይሆናል። ጠዋት ረጋ ያለ የነበረው መተላለፊያ ከሰዓት በኋላ ስትመለሱ ሌላ ቦታ ይመስላችኋል።

የሞገድ ከፍታ ብቻውን ብዙ አይናገርም። ከኒው ጀርሲዋ ኬፕ ሜይ በስተደቡብ ምሥራቅ 26 የባህር ማይል ላይ 44009 የሚል ቁጥር ያላት የኖአ ቡዪ፣ ማለትም ተንሳፋፊ መለኪያ፣ አለች። የሞገዱን ከፍታም፣ በሁለት ሞገዶች መካከል ስንት ሰከንድ እንዳለም ትነግራችኋለች። 3 ጫማ ሞገድ በ9 ሰከንድ ከሆነ ጀልባው ቀስ ብሎ ወጥቶ ቀስ ብሎ ይወርዳል። ያው 3 ጫማ በ4 ሰከንድ ሲሆን አንዱን ሳትጨርሱ ሌላው ይመጣል። ጀልባው ይዘላል፣ ይወድቃል፣ ይዘላል፣ ይወድቃል። ዴድራይዝ የሚፈተነው እዚህ ላይ ነው።

ጠፍጣፋ ሆድ ከአየር ሲወርድ ሙሉ ስፋቱ ውሃውን በአንድ ጊዜ ይመታዋል። ድምፁ «ጧ!» ነው፤ ምቱ በእግራችሁ ገብቶ አከርካሪያችሁ ድረስ ይደርሳል። «ቪ» ቅርጽ ያለው ግን መጀመሪያ በሹሉ ይገባል። ውሃው ቀስ በቀስ ወደ ጎን ይገፋል፣ ምቱም በጊዜ ውስጥ ይከፋፈላል። ጀልባው መውደቁን አያቆምም፤ አወዳደቁ ግን ይለሰልሳል።

ይህን በሰው ሁሉ ዓይን ፊት ያሳየው ሬይ ሃንት የሚባል አሜሪካዊ የጀልባ ነዳፊ ነው። እስከ ኋላው ግድግዳ ድረስ 24 ዲግሪ ገደማ የሚይዝ ሆድ ሠራ። በ1960 ዲክ በርትራም በሃንት ንድፍ የተሠራችውን «ሞፒ» የተባለች ጀልባ ይዞ ከማያሚ ናሶ በሚደረገው ውድድር ገባ። የዕለቱ ባህር ከባድ ነበር። ሞፒ አንደኛ ወጣች። ከዚያ በኋላ ከእሷ የተወለደችው «በርትራም 31» በፋይበርግላስ ተመርታ ገበያ ላይ ዋለች። ዛሬ ውቅያኖስ ላይ የምታዩአቸው አብዛኞቹ የማጥመጃ ጀልባዎች በሆዳቸው ቅርጽ የዚያ ሐሳብ ልጆች ናቸው።

ታዲያ ሁሉም ሰው 24 ዲግሪ ገዝቶ ለምን አይገላገልም? ማዕዘኑ የሚያስከፍለው ዋጋ ስላለ ነው።

አንደኛው ዋጋ ጀልባው ሲቆም ይታያል። ጠፍጣፋ ሆድ ውሃው ላይ ተዘርግቶ ይቀመጣል። ሹል ሆድ ግን ወደ ግራና ቀኝ ይንከባለላል። ይህን ሻጩ አይነግራችሁም፤ በወደቡ ጸጥ ባለ ውሃም አይታይም። ብላክ ሲ ባስ የሚያጠምድ ሰው ቀኑን የሚያሳልፈው ቆሞ ነው፣ ወይ መልህቅ ጥሎ፣ ወይ ከነፋሱ ጋር እየተንሳፈፈ። ሞገዱ ከጎን ይመጣል። ሦስት ሰው አንድ ወገን ላይ ተደግፎ መስመር ሲጥል ጀልባው ወደዚያው ያዘነብላል። ባህር የሚያመው ሰው ካለ የሚያመው ያኔ ነው። ወደ ቦታው ለመድረስ አንድ ሰዓት ተጉዛችሁ እዚያ አምስት ሰዓት የምትቆሙ ከሆነ የአምስቱ ሰዓት ምቾት ትልቅ ነገር ነው።

ሁለተኛው ዋጋ ነዳጅ ነው። ሹል ሆድ ወደ ውሃው ጠልቆ ስለሚቀመጥ ተነስቶ በውሃው ላይ ለመንሸራተት ተጨማሪ ጉልበት ይጠይቃል። ትልቅ ሞተር፣ ትልቅ ታንክ፣ ተጨማሪ ክብደት ይከተላሉ። ጥልቀት በሌለው ቦታም ቶሎ መሬት ይነካል።

ነዳፊዎች እነዚህን ለማስታረቅ ብዙ ዘዴ አላቸው። ሆዱ ከጎኑ ጋር የሚገናኝበት ጠርዝ ቻይን ይባላል። ቻይኑ ሰፋ ብሎ ትንሽ ወደ ታች ከተቆለመመ፣ ሲቆም ጀልባውን ይደግፋል፣ ሲሄድ ደግሞ ርጭቱን ወደ ታች ይመልሳል። ሁለት ጀልባዎች እኩል 21 ዲግሪ ኖሯቸው አንዱ ደረቅና የረጋ፣ ሌላው ተንከባላይና ሰው የሚያበሰብስ የሚሆነው አንዳንዴ በዚህ ነው። ክብደትም አለ። ከበድ ያለ ጀልባ ሞገዱን ይጫነዋል፣ ቀላል ጀልባን ግን ሞገዱ ይጫወትበታል።

አሁን ያዙልኝ ወዳልኩት ልመለስ። ማስታወቂያ ላይ ያለው ቁጥር የኋላው ብቻ ነው። ሞገዱን ብዙ ጊዜ የሚቀበለው ግን ከመሃል ወደፊት ያለው የሆዱ ክፍል ነው። አንዳንድ ጀልባ ከአፍንጫው በጣም ሹል ሆኖ ወደ ኋላ እየሄደ ይተኛል። ግሬዲ-ዋይት የተባለው አምራች ጀልባ የዚህ አሠራር ጥሩ ምሳሌ ነው፤ ከኋላ 20 ዲግሪ አካባቢ ሆኖ ወደፊት እየሾለ ይሄዳል። የነደፈውም ሬይ ሃንት ያቋቋመው ድርጅት ነው። በቼሳፒክ የውሃ ሰዎች ዘንድ ደግሞ «ዴድራይዝ» ሲባል አንድ የታወቀ የሥራ ጀልባ ማለት ነው፤ ቨርጂኒያ በ1988 የግዛቷ ጀልባ ያደረገችው። ከፊት ሹል፣ ከኋላ ጠፍጣፋ ማለት ይቻላል። ለክራብና ለኦይስተር ሥራ ሲበዛ ጥሩ ነው፤ ቼሳፒክ ጥልቀቱ ትንሽ ነው፣ ሠራተኛውም ቀኑን ሙሉ ቆሞ የሚሠራበት የረጋ መድረክ ይፈልጋል። በ25 ማይል ፍጥነት ወደ ካንየን ለመሮጥ ግን አልተሠራም።

ቁጥሩ ማስታወቂያው ላይ ከሌለ ራሳችሁ ለኩት። ስልካችሁ ላይ ያለውን የውሃ ልክ መተግበሪያ ክፈቱ። ከኋላው ግድግዳ ትንሽ ወደፊት፣ በመሃሉ መስመርና በቻይኑ መካከል ለጥ ያለ ቦታ ፈልጉ። በርዝመት የሚሄዱት ጎላ ያሉ ጠርዞች ላይ አትለኩ። ስልኩን ከታች አስጠግታችሁ ዲግሪውን አንብቡ። ከዚያ በሌላው ወገን ያንኑ አድርጉና የሁለቱን አማካይ ውሰዱ፤ ጀልባው ተሳቢው ላይ ትንሽ ቢያዘነብልም አማካዩ ያስተካክለዋል። ቀጥሎ ወደ መሃል፣ ከዚያም ወደፊት ሄዳችሁ እንደገና ለኩ። ሻጩ ግራ ቢገባውም ግድ የለም፤ ሦስቱ ቁጥሮች ስለ ጀልባው ከእሱ የበለጠ ይነግሯችኋል።

በተሳቢ የሚጎተት ጀልባ ሌላ አጥር አለው፤ ስፋት። አሜሪካ ውስጥ ያለ ልዩ ፈቃድ በዋና መንገድ የሚጎተተው እስከ 8 ጫማ ከ6 ኢንች ነው። ከ22 እስከ 24 ጫማ ያሉት ጀልባዎች ብዙዎቹ ልክ በዚህ ስፋት የሚሠሩት ለዚህ ነው። ስፋቱ ከተገደበ መንከባለልን የሚቋቋም ነገር አንሷል ማለት ነው። ስለዚህ በዚህ ስፋት 24 ዲግሪ ለእኔ በዛ። 17 ደግሞ ከሰዓት በኋላ ሲመለሱ ወገብ ይሰብራል። ከሁለት ከሦስት ጓደኛ ጋር ሆኖ አንዴ ሪፍ አንዴ ካንየን ለሚል ሰው ከ19 እስከ 21 ዲግሪ፣ ሰፋ ያለ ቻይን፣ ከበድ ያለ ሆድ፤ የምመክረው ይህን ነው።

ከበድ ያለ ስል ግን መኪናችሁንም አስቡ። ባለ 23 ጫማ የፋይበርግላስ ጀልባ ባዶው 4,000 ፓውንድ ነው እንበል። ሞተሩ 500 እና 600 መካከል ይጨምራል። ቤንዚን በጋሎን 6 ፓውንድ ያህል ስለሚመዝን 120 ጋሎን ከ700 በላይ ነው። ተሳቢው ራሱ 1,300፤ በረዶ፣ መልህቅና ዕቃ ሲታከል 7,000 ፓውንድ ይደርሳል። የቶዮታ ሲዬና የሚጎትተው 3,500 ነው። ባለ ስድስት ሲሊንደሩ ሃይላንደር 5,000። ሁለቱም አይሆኑም። እንደ ሼቭሮሌ ታሆ ወይም ፎርድ ኤፍ-150 ያለ ትልቅ መኪና ሊሆን ይችላል፤ እሱም ቢሆን እንደ አገጣጠሙ ስለሚለያይ የራሳችሁን መኪና መጽሐፍ አንብቡ። የተሳቢውን ፍሬን ደህና አድርጋችሁ ፈትሹት፤ ጨው ውሃ ቶሎ ይበላዋል።

የታንኩን መጠን እንዲህ አስሉት። እንዲህ ዓይነት ጀልባ በአንድ ጋሎን 2 ማይል ገደማ ይሄዳል። ካንየን ደርሶ መልስ 120 ማይል ነው፤ 60 ጋሎን። ቀስ እያሉ መስመር ሲጎትቱ መዋልም ይበላል፤ 75 በሉት። ሲሶው ለመሄጃ፣ ሲሶው ለመመለሻ፣ ሲሶው ሳይነካ የሚቀመጥ ሲሆን 110 ጋሎን ገደማ ያስፈልጋል። ባለ 80 ጋሎን ታንክ ያለው ጀልባ ሪፉ ጋ ደስ ብሎት ይውላል፤ ካንየን መሄድ ግን የለበትም።

ብዙ ሰው የማያውቀው አንድ ነገር ልንገራችሁ። የአሜሪካ ሕግ ከ20 ጫማ በታች የሆኑ የሞተር ጀልባዎች ውሃ ቢሞላቸውም እንዳይሰምጡ ተደርገው እንዲሠሩ ያስገድዳል። 20 ጫማና ከዚያ በላይ የሆኑትን አያስገድድም። ትልቅ ስለሆነ ይበልጥ አስተማማኝ ነው ብላችሁ የገዛችሁት ባለ 23 ጫማ ሙሉ በሙሉ ሊሰምጥ ይችላል። አንዳንድ አምራቾች በራሳቸው ፈቃድ ሆዱን በፎም ይሞሉታል። ቦስተን ዌለር በዚህ ነው ስም ያወጣው፤ በ1961 መሥራቹ ዲክ ፊሸር ውስጧ ተቀምጦ ባለ 13 ጫማዋን ጀልባ በመጋዝ ለሁለት አስቆርጦ በግማሿ ነድቶ ሄዷል። ስለዚህ ሻጩን «ውሃ ቢሞላው ይንሳፈፋል?» ብላችሁ ጠይቁት። መልሱንም በአምራቹ ጽሑፍ አረጋግጡ።

ሁሉም ተስማምቷችሁ ቀብድ ከመክፈላችሁ በፊት ጀልባው ውሃ ላይ ይውረድ። ነፋስ ያለበትን ቀን ምረጡ። መጀመሪያ ፊት ለፊት ሞገዱን ይዛችሁ በ20 ማይል ሂዱ፤ ጉልበታችሁ ምቱን ይነግራችኋል። ከዚያ ሞገዱን ከኋላ አድርጋችሁ ተመለሱ፤ አፍንጫው ወደ ጎን ይስብ እንደሆነ በመሪው ይታወቃችኋል። በመጨረሻ ሞተሩን አጥፉና ጀልባው ጎኑን ለሞገዱ ሰጥቶ ይንሳፈፍ። የመጡትን ሰዎች ሁሉ ዓሣ እንደያዘ ሰው በአንድ ወገን አቁሟቸው። ውሃው በማፍሰሻ ቀዳዳዎቹ ወደ እግራችሁ ተመልሶ ይገባ እንደሆነ እዩ። ቢያንስ ሩብ ሰዓት እንደዚያው ቆዩ።