ታወሩ የትም አይሄድም፦ ስለ ኤስዲኤንና ቨርቹዋላይዜሽን የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

የቴሌኮም መሣሪያ ድሮ የሚገዛው በሣጥን ነበር። ራውተሩ፣ ፋየርዎሉ፣ የደንበኞች መዝገቡ፣ ጥሪ የሚያገናኘው ማሽን፣ እያንዳንዱ የራሱ ሃርድዌር፣ የራሱ ሶፍትዌር፣ የራሱ አምራች ነበረው። ኤስዲኤን (ኔትወርክን በሶፍትዌር መምራት) እና ኤንኤፍቪ (የኔትወርክ ሥራዎች ቨርቹዋላይዜሽን) የሚባሉ ሁለት አሠራሮች ይህን እየለወጡት ነው። ደሴም ሆነ ኮምቦልቻ ኔትወርክ የሚማር ወይም የሚሠራ ሰው ስማቸውን መስማቱ አይቀርም፤ አብሮ ከሚሰማው ውስጥ ግን ስህተቱ ብዙ ነው። ከታች ያሉት ከተሞችና ርቀቶች የወሎ ናቸው፤ ምሳሌዎቹ ለማስረዳት የተወሰዱ እንጂ የማንም ኦፕሬተር የኔትወርክ ካርታ አይደሉም።

«ኤስዲኤንና ኤንኤፍቪ አንድ ናቸው»

አይደሉም። ኤስዲኤን ውሳኔን ከማስተላለፍ ይለያል፦ ፓኬት (የዳታ ጥቅል) በየት ይሂድ የሚለውን ኮንትሮለር የሚባል ማዕከላዊ ሶፍትዌር ይወስናል፣ ስዊች የሚባለው መሣሪያ ያስተላልፋል። ኤንኤፍቪ ደግሞ የሣጥኑን ሥራ ከሣጥኑ አውጥቶ ተራ ሰርቨር ላይ በሶፍትዌር ያስኬዳል። የመጀመሪያው ከዩኒቨርሲቲ ነው የመጣው፤ ኮንትሮለርና ስዊች የሚነጋገሩበት ኦፕንፍሎው በስታንፎርድ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2008 ታወቀ። ሁለተኛው ከራሳቸው ከኦፕሬተሮች ነው፤ እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2012 አሥራ ሦስት ኦፕሬተሮች የጋራ ሰነድ አውጥተው ሥራው በአውሮፓ የደረጃ ድርጅት በኤትሲ ሥር ቀጠለ። አንዱ ያለ ሌላው ይሠራል፤ አብረው ሲሆኑ ግን ይበልጥ ይጠቅማሉ።

«ኮንትሮለሩ ከጠፋ ኔትወርኩ ሁሉ ይጠፋል»

ቢያንስ ወዲያው አይጠፋም። የደንበኛው ትራፊክ በኮንትሮለሩ ውስጥ አያልፍም። ኮንትሮለሩ መንገዱን አስልቶ ደንቡን ስዊቹ ላይ ይጽፋል፤ ከዚያ ስዊቹ በራሱ ቺፕ ያስተላልፋል። ኮንትሮለሩ ቢዘጋም የተጻፈው ሠንጠረዥ በቦታው ነው። የሚቆመው አዲስ ሥራ ነው፦ አዲስ ደንበኛ ማገናኘት፣ መስመር ሲቆረጥ ትራፊኩን ማዞር።

አደጋው የሚመጣው ከአጫጫኑ ነው። ደንቦቹ ለምሳሌ የ60 ሰከንድ ዕድሜ ተሰጥቷቸው ከሆነ ኮንትሮለሩ በጠፋ በደቂቃው ሠንጠረዡ ባዶ ይቀራል። ስዊቹ ከኮንትሮለሩ ሲለያይ ያለውን ይዞ ይቀጥል ወይስ እንደ ተራ ስዊች ይሁን የሚለውም ቀድሞ መወሰን አለበት።

ሌላው የተለመደ ስህተት «ሁለት ኮንትሮለር ይበቃል» ማለት ነው። አንዱን ደሴ፣ አንዱን ኮምቦልቻ አስቀመጥን እንበል። ሐረጎ ላይ መንገድ ሲቆፈር ፋይበሩ ተቆረጠ። የደሴው «ኮምቦልቻ ሞቷል» ይላል፣ የኮምቦልቻውም «ደሴ ሞቷል» ይላል፤ ሁለቱም አለቃ ሆነው የሚጋጭ ትእዛዝ ማውጣት ይጀምራሉ። ለዚህ ነው የኮንትሮለር ቁጥር ጎዶሎ የሚሆነው፦ ሦስት ከሆኑ የአንዱን፣ አምስት ከሆኑ የሁለቱን መውደቅ ይቋቋማሉ። ሦስተኛው ወልዲያ ቢሆን ሐረጎ ሲቆረጥ ደሴና ወልዲያ ብዙኃን ሆነው ሥራውን ይመራሉ፤ ኮምቦልቻ ብቻውን መቅረቱን ስለሚያውቅ አዲስ ውሳኔ ሳያሳልፍ በያዘው ሠንጠረዥ ያስተላልፋል። በነገራችን ላይ፣ በአንድ ቦይ የተቀበሩ ሁለት ፋይበሮች ለኤክስካቫተር አንድ ፋይበር ናቸው።

«ሁሉም ሶፍትዌር ከሆነ አዲስ አበባ ዳታ ሴንተር ማስቀመጥ ይቻላል»

ብርሃን በፋይበር ውስጥ አንድ ኪሎ ሜትር ለመሄድ 5 ማይክሮ ሰከንድ ይፈጅበታል። ከደሴ አዲስ አበባ በመንገዱ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ስለዚህ መሄጃው ብቻ 2 ሚሊ ሰከንድ፣ ደርሶ መልሱ 4 ነው። ስዊችና ራውተር ገና አልተቆጠሩም። ይህን የትኛውም ሶፍትዌር አያሳጥረውም።

አሁን የታወሩን ሥራ ከፋፍለን እንይ። በፎርጂ ስልኩ የላከው ዳታ ደረሰ ወይስ አልደረሰም የሚለው መልስ በ4 ሚሊ ሰከንድ መሰጠት አለበት። የሲግናሉን ስሌት የሚሠራው ቤዝባንድ አዲስ አበባ ቢቀመጥ ጊዜው ሁሉ መንገድ ላይ ያልቃል፤ ለስሌቱ ምንም አይተርፍም። በማማው ላይ ባለው ሬዲዮና በቤዝባንዱ መካከል የሚፈቀደው መዘግየት በተለምዶ 100 ማይክሮ ሰከንድ አካባቢ ነው፣ ማለትም 20 ኪሎ ሜትር ፋይበር። በዚህ ሂሳብ የደሴ ከተማ ሬዲዮዎች በሙሉ አንድ ደሴ ውስጥ ያለ ክፍል ሊጋሩ ይችላሉ፤ ኮምቦልቻ ግን በመንገዱ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሆነ የራሱ ያስፈልገዋል። ቅርብ የሚመስል ጎረቤት ከተማ ለፋይበሩ ሩቅ ነው።

የላይኛው የቤዝባንድ ክፍል ጥቂት ሚሊ ሰከንዶች ስለሚታገስ ከማማው ራቅ ብሎ መቀመጥ ይችላል። የደንበኛ ምዝገባ፣ ማንነት ማረጋገጥና ሒሳብ አዲስ አበባ ቢሆኑ ማንም አይሰማውም። የኢንተርኔት ዳታው የሚያልፍበት ክፍል ግን ሌላ ጥያቄ ነው። እሱም አዲስ አበባ ብቻ ካለ፣ ደሴ ፒያሳ ያለ ሰው እዚያው ደሴ አራዳ ላለ ጓደኛው የሚልከው ፋይል 800 ኪሎ ሜትር ዞሮ ይደርሳል። እ.ኤ.አ. በ2017 የተጠናቀቀው የስሪጂፒፒ (የሞባይል ኔትወርክ ደረጃ አውጪው ኅብረት) 14ኛ እትም በፎርጂ ኮር፣ ማለትም በኔትወርኩ ማዕከላዊ ክፍል፣ መቆጣጠሪያውንና የዳታ ማለፊያውን ስለለያቸው ማለፊያውን ብቻ ወደ ደሴ ማውረድ ይቻላል። የቨርቹዋላይዜሽን ትልቁ ጥቅም ለእኛ እዚህ ላይ ነው፤ ሁሉን ወደ አንድ ቦታ መሰብሰቡ ላይ አይደለም።

«ማንኛውም ሰርቨር ይሠራል»

ሻጩ «አብሽር፣ ተራ ሰርቨር ነው የሚፈልገው» ካለ ቁጥሩን አስሉ። በ10 ጊጋቢት መስመር ላይ ትንንሽ ባለ 64 ባይት ፓኬቶች ቢመጡ በሰከንድ 14.88 ሚሊዮን ናቸው። ለአንዱ ፓኬት የሚደርሰው 67 ናኖ ሰከንድ ነው፤ 3 ጊጋሄርትዝ ለሆነ ፕሮሰሰር 200 ምት ገደማ። ወደ ዋናው ሜሞሪ አንዴ ሄዶ መመለስ ብቻ ከዚያ ሊበልጥ ይችላል። ስለዚህ ኦፕሬቲንግ ሲስተሙ እንደ ልማዱ በየፓኬቱ እየተቋረጠ ሊያስተናግድ አይችልም። ዲፒዲኬ የሚባለው ዘዴ ከርነሉን (የኦፕሬቲንግ ሲስተሙን እምብርት) አልፎ ፓኬቱን በቀጥታ ከኔትወርክ ካርዱ ይወስዳል።

እሱን መጫን ብቻውን አይበቃም። የተወሰኑ የፕሮሰሰሩ ኮሮች ለዚያ ሥራ ብቻ መለየት አለባቸው። የሜሞሪ ገጾች ከ4 ኪሎባይት ወደ 2 ሜጋባይት ወይም 1 ጊጋባይት ማደግ አለባቸው። ከሁሉ በላይ የሚረሳው ይህ ነው፦ ሁለት ፕሮሰሰር ባለው ሰርቨር የኔትወርክ ካርዱ የሚሰካው በአንደኛው በኩል ነው። ቨርቹዋል ማሽኑ (በሰርቨሩ ውስጥ ራሱን እንደቻለ ኮምፒውተር የሚሠራው ሶፍትዌር) በሌላኛው ፕሮሰሰር ላይ ከተነሳ እያንዳንዱ ፓኬት በሁለቱ መካከል ይመላለሳል፣ ፍጥነቱም ያሽቆለቁላል። ምንም የስህተት መልእክት አይመጣም፤ ዝም ብሎ ይንቀረፈፋል።

አንድ ነገር አያስደንግጣችሁ፦ በዲፒዲኬ የተያዙት ኮሮች አንድም ፓኬት ባይኖር 100 በመቶ ሥራ ላይ ሆነው ይታያሉ፤ ሳያቋርጡ ካርዱን ስለሚጠይቁ ነው። ይህ ጭነት አይደለም። ለኤሌክትሪክ ግን ጭነት ነው፤ መካነ ሰላም ላይ መብራት ጠፍቶ በባትሪ የሚሠራ ሳይት ሌሊት ተጠቃሚ ባይኖርም ሰርቨሩ ፍጆታውን ያን ያህል አይቀንስም። ባትሪ የሚያሰላ ሰው የቀኑን ዋት ለሌሊቱም ይያዝ።

«ፒንግ ካለፈ መስመሩ ደህና ነው»

ፒንግ መስመሩን ለመፈተሽ የሚላክ ትንሽ ፓኬት ነው፤ እሱ አልፎ ትልቁ መቅረቱ ቨርቹዋል ኔትወርክ ሲዘረጋ በብዛት የሚገጥም እክል ነው። ፒንጉ ይሄዳል፣ ሎጊን ገጹ ይከፈታል፣ ትልቅ ፋይል ግን ተንጠልጥሎ ይቀራል። ምክንያቱ ቨርቹዋል ኔትወርኩን በታችኛው መስመር ላይ የሚያስኬደው ቪኤክስላን ነው፤ ዋናውን ፓኬት በሌላ ፖስታ ሲያሽገው 50 ባይት ይጨምራል። ታችኛው መስመር የሚቀበለው 1500 ባይት ብቻ ከሆነ ሙሉው ፓኬት አያልፍም።

ሲፈተሽ፦ ከቨርቹዋል ማሽኑ ውስጥ «አትቆራርጥ» የሚል ምልክት አድርጋችሁ 1472 ባይት ዳታ ያለው ፒንግ ላኩ (28ቱ የአርዕስት ነው፣ ድምሩ 1500)። ካላለፈ በ1422 ሞክሩ። ሁለተኛው ካለፈ ችግሩ ተገኘ ማለት ነው። መፍትሔው የታችኛው መስመር ስዊቾች በሙሉ የሚቀበሉትን የፓኬት መጠን ቢያንስ 1550 ማድረግ (ብዙዎች በቀጥታ 9000 ያደርጉታል) ወይም የቨርቹዋል ማሽኑን ወደ 1450 ማውረድ ነው። አንድ ስዊች ከተረሳ ሁሉም እንዳልተሠራ ይቆጠራል።

«አውቶሜሽን ስህተትን ያጠፋል»

ትንንሹን ይቀንሳል፣ ትልቁን ያፋጥናል። መስከረም 24 ቀን 2014 ዓ.ም. ፌስቡክ፣ ዋትስአፕና ኢንስታግራም ለስድስት ሰዓት ያህል ከዓለም ጠፍተው ነበር። ለጥገና የተሰጠ አንድ ትእዛዝ የኩባንያውን ዳታ ሴንተሮች የሚያገናኘውን መስመር በሙሉ ዘጋው፤ ትእዛዙን ማስቆም የነበረበት መርማሪ ሶፍትዌርም እንከን ስለነበረበት አሳለፈው። መሐንዲሶቹ ከርቀት መግባት አልቻሉም፣ መግቢያው ራሱ በወደቀው ኔትወርክ ላይ ነበርና። ስለዚህ ለውጥ መጀመሪያ በአንድ ሳይት፣ ቀጥሎ በጥቂቶች፣ በመጨረሻ በሁሉም ላይ ይካሄድ፤ ወደ መሣሪያው የሚያስገባ ከዋናው ኔትወርክ የተለየ መንገድም ይኑር።

ራሱን ያድናል ለሚባለውም ያው ነው። አንዱ ሲወድቅ ሌላው እንዲተካ የተነሱ ሁለት ቨርቹዋል ማሽኖች አንድ ሰርቨር ላይ ከተቀመጡ ሰርቨሩ ሲሞት ሁለቱም ይሞታሉ። አብረው እንዳይቀመጡ የሚከለክል ደንብ አለ፣ ግን ሰው ካልጻፈው ሲስተሙ አያውቀውም።

«በጣም ርካሽ ነው»

ሃርድዌሩ ሊረክስ ይችላል። ላይሰንሱ፣ የተለያዩ አምራቾችን ዕቃ ማጣጣሙና የባለሙያው ደሞዝ ግን አሉ። እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2020 አገልግሎት የጀመረው የጃፓኑ ራኩተን ሞባይል ኔትወርኩን ሙሉ በሙሉ በዚህ መንገድ የገነባው ከባዶ ስለተነሳ ነው። አሮጌውን እያስኬደ አዲሱን የሚጨምር ኦፕሬተር ለጊዜው ሁለት ወጪ አለበት።

«ቴክኒሻን ሥራ ያጣል»

ሬዲዮው ማማ ላይ ነው፣ ፋይበሩ መሬት ውስጥ ነው፣ ጄኔሬተሩ ናፍታ ይፈልጋል። እንዲያውም ፋይቭጂ ሲመጣ አዲስ የመስክ ሥራ ይጨምራል፦ መላክና መቀበል በአብዛኛው በአንድ ፍሪኩዌንሲ ስለሚፈራረቁ የእያንዳንዱ ሳይት ሰዓት ከጋራው ሰዓት ከ1.5 ማይክሮ ሰከንድ በላይ መራቅ የለበትም። የጂፒኤስ አንቴናው ሰማይ በደንብ በማይታይበት ጥግ ከተሰቀለ፣ ደሴ አጠገብ ባለው ጦሳ ተራራ ሥር ገደል ተጠግቶ እንደሚቆም ሳይት፣ ሰዓቱ ይንሸራተትና አጎራባች ሳይቶች ይረባበሻሉ። አንቴናውን ነቅሎ ወደ ክፍት ሰማይ የሚያዞረው ሰው ነው። የሚለወጠው ቢሮ ውስጥ ያለው ሥራ ነው፤ የአንድ አምራች ትእዛዝ በቃል መያዝ ዋጋው እየቀነሰ፣ ሊኑክስ፣ ፓይተን፣ ኩበርኔትስ (ሶፍትዌሮችን በብዙ ሰርቨሮች ላይ የሚያስተዳድር ሲስተም) እና መሠረታዊው የአይፒ ራውቲንግ ዋጋቸው እየጨመረ ነው። ከአራቱ አንዱን ብቻ ለመጀመር ለሚፈልግ ራውቲንጉ ይቅደም፤ ሌሎቹ ሦስቱ ኔትወርክ ላይ ሲሠሩ እሱን ማወቅ ይጠይቃሉ።