ስለ ግብር አሰባሰብ በጅማ ገበያ የሚነገሩ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ሐምሌ ሲገባ በሄርማታ መርካቶ ከቡና ዋጋ ቀጥሎ የሚወራው ግብር ነው። ከወሬው ውስጥ እውነተኛ ብሶት አለ፤ በስህተት ላይ የቆመም አለ።

«ለግብር ሰብሳቢው መሥሪያ ቤት የሚመደብ በጀት ብክነት ነው፤ ለመንገድ ቢውል ይሻላል።»

የመሥሪያ ቤቱ አቅም ሲዳከም ግብሩ አይቀርም፤ የሚለወጠው ከፋዩ ነው። የመምህሩና የነርሷ ግብር ደመወዙ እጃቸው ሳይገባ በአሠሪው ተቆርጦ ስለሚገባ፣ እሱን ለመሰብሰብ ብዙ ኦዲተር አያስፈልግም። በጥሬ ገንዘብ የሚገበያይ ትልቅ ነጋዴን ሒሳብ ለማጣራት ግን የግዢና የሽያጭ ሰነዱን የሚያመሳክር፣ መጋዘኑን የሚቆጥር፣ ጊዜና ተሽከርካሪ ያለው ባለሙያ የግድ ነው። ይህ ባለሙያ በሌለበት ሸክሙ ሊሸሽ በማይችለው ደመወዝተኛና መዝገቡን በሐቅ በሚይዘው ነጋዴ ላይ ይወድቃል።

«የቀን ገቢ ግምት የሚወጣው ነጋዴውን ለመጉዳት ነው።»

በ2009 ዓ.ም. ክረምት በተለያዩ የኦሮሚያ ከተሞች ግምቱን በመቃወም ሱቆች ተዘግተው እንደነበር ይታወሳል፤ ቅሬታው መሠረት አልነበረውም ማለት አይቻልም። ሆኖም ግምት የሚመጣው መዝገብ በሌለበት ነው። ገማቹ መደርደሪያውን ተመልክቶ፣ ገበያ የሚደምቅበትን ቀን ጠይቆ በጥቂት ደቂቃ ቁጥር ጽፎ ከወጣ፣ እንደ እኔ እምነት የስህተቱ ዋና ምንጭ ከክፋት ይልቅ ጥድፊያና የሰው እጥረት ነው። ቅሬታ ሰሚ ክፍልም ቢሆን በጀት ይፈልጋል።

«ያለ ደረሰኝ መግዛት ለገዢው ጥቅም ነው፤ ቫት የነጋዴው ዕዳ ነውና።»

ለቤቱ ቆርቆሮ ሊገዛ የገባ ሰው «በደረሰኝ ነው ያለ ደረሰኝ?» ተብሎ ይጠየቃል፤ ያለ ደረሰኝ 10,000 ብር የሆነው ዕቃ በደረሰኝ 11,500 ብር ይሆናል። ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ የሚሠራበት የተጨማሪ እሴት ታክስ (ቫት) 15 በመቶ ሲሆን፣ የሚከፍለው የመጨረሻው ተጠቃሚ ነው፤ የተመዘገበው ነጋዴ ተቀብሎ ለመንግሥት ያስገባል። ገዢው 1,500 ብር ያተረፈ ቢመስለውም፣ 10,000 ብሩ ከሻጩ የሽያጭ መዝገብ አብሮ ስለሚጠፋ የገቢ ግብሩም ይቀራል፤ ደረሰኝ የሚቆርጠው ጎረቤቱ ደግሞ ዋጋው ውድ መስሎ ደንበኛ ያጣል። ይህ ጎረቤት ቢማረር አይፈረድበትም።

«ደመወዝ ሲጨመር ግብሩ ጭማሪውን ይበላዋል።»

በ2017 ዓ.ም. በተሻሻለው የገቢ ግብር አዋጅ የመጀመሪያው 2,000 ብር ከግብር ነጻ ሲሆን፣ 35 በመቶ የሚቆረጠው ከ14,000 ብር በላይ ባለው ገንዘብ ላይ ብቻ ነው። ስለዚህ 14,000 ብር ያገኝ የነበረ ሠራተኛ 15,000 ብር ቢደርስ ግብሩ ከ2,850 ወደ 3,200 ብር ያድጋል፤ ከጭማሪው 650 ብር ይተርፈዋል። ግራ የሚያጋባው የሒሳብ ሠራተኞች በጠቅላላው ደመወዝ ላይ 35 በመቶ አስልተው 2,050 ብር የሚቀንሱበት አቋራጭ ስሌት ይመስለኛል፤ ውጤቱ ግን አንድ ነው።

«የምንከፍለው ሁሉ አዲስ አበባ ይሄዳል።»

በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 97 መሠረት በክልሉ ውስጥ የሚሠራ ግለሰብ ነጋዴ የገቢ ግብር የክልሉ ነው። በመሆኑም የጅማ ባለሱቅ ገማቾቹ ለምን አነሱ፣ ቅሬታዬስ ለምን ዘገየ ብሎ መጠየቅ ያለበት የክልሉን በጀት የሚያጸድቀውን ጨፌ ኦሮሚያን ነው።