«ግዳይ ጣለ» ሲባል ምኑን ነው የጣለው?

ቡሬ የአክስቴ ልጅ ምርቃት ላይ ነው። ድንኳኑ ሞልቷል። ጠላውም አረቄውም ሥራውን ሠርቷል። አጎቴ ድንገት ተነሣ፤ ሽመሉን ጨበጠ፤ ጋቢውን ወደ ኋላ ወረወረ። ከዚያ ወዲያ ማን ይመልሰው!

«ዘራፍ! ዘራፍ ገዳይ፣ የቡሬው ገዳይ፣
በብዕር ጥሎ የመጣ ግዳይ!»

ይሄን ብሎ የተመራቂውን ቆብ ከራሱ ላይ ነጠቀና ሄዶ አያቴ እግር ሥር ወረወረው። «ግዳይ ጣለልሽ፣ እምዬ!» አያቴ እልልታዋን አቀለጠችው። ልጁ የተመረቀው በአካውንቲንግ ነው።

ዛሬ «ግዳይ ጣለ» የምንለው ለቀናው ሰው ነው። ነጋዴው ጨረታ ሲያሸንፍ፣ አጥቂው ሁለት ጎል አግብቶ ሲወጣ፣ ጎረምሳው የቆንጆ ልጅ ስልክ ይዞ ሲመለስ ያው ግዳይ ጥሏል። አባባሉ ግን ከደም የመጣ ነው። «ገዳይ»ና «ግዳይ» የሚለያዩት በመጀመሪያዋ ፊደል ብቻ ነው። አንዱ የገደለው ነው፣ ሌላው የተገደለው።

የሚያከራክረው «ጣለ» የሚለው ነው። ብዙ ሰው አውሬ መትቶ ማውደቅ አድርጎ ይረዳዋል። ጎሽ ጣለ፣ አንበሳ ጣለ እንደሚባለው። ስህተት አይደለም። እኔ ግን የማደላው ለሁለተኛው ትርጉም ነው፤ አምጥቶ በጌታ ፊት መጣል። በድሮ ጦርነት የገደለ ወታደር ከሟቹ ላይ ምልክት ይዞ ይመለሳል። አለቃው በተቀመጠበት እየፎከረ ይመጣና ያንን ምልክት እግሩ ሥር ይጥለዋል። በ1770 እ.ኤ.አ. እኛው ጎጃም ድረስ መጥቶ ሰከላ ላይ የግሽ ዓባይን ምንጭ ያየው ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ፣ ጎንደር ሳለ በራስ ሚካኤል ስሑል ጦር ውስጥ ይህንን አይቶ ጽፏል። አጎቴ ብሩስን አያውቀውም። ቆቡን ግን የወረወረው ልክ እንደዚያ ነው።

ምልክቱ ምን ነበር? ከዝሆን ጅራቱ ነው። ከሰው ደግሞ፣ በግልጽ ለመናገር፣ የወንድ ብልት ነበር። ስሙም ሰለባ። በግዕዝ «ሰለበ» ማለት ገፈፈ፣ ቀማ ማለት ነው። በገበሬው ቤት ደግሞ ከአውድማ እህሉን፣ ከእንስራ ቅቤውን በመተት ይወስዳል የሚባለው ሰው «ሰላቢ» ነው። እናቴ እርጎ ስትንጥ ሰላቢ እንዳያይባት በሩን ትዘጋ ነበር።

እዚህ ላይ አንድ የሚገርመኝ ነገር አለ። ድሮ ሰለባ በገዳዩ እጅ ያለ ዕቃ ነበር፤ ኩራቱ ነበር። ዛሬ ሬዲዮው «የመኪና አደጋ ሰለባዎች» ይላል። ቃሉ ከገዳዩ እጅ ወጥቶ ለሟቹ ስም ሆኗል። ግዳይ ግን እዚያው ከአሸናፊው ጋር ቀርቷል። ሁለቱም በአንድ ሜዳ፣ በአንድ ቀን የተወለዱ ቃላት ናቸው።

እኛ ዘንድ «ራስ» ግዳይ የሚጣልለት ባለማዕረግ ነው። በሌላው ዓለም ግን የሚጣለው ራሱ ራስ፣ ማለትም ጭንቅላት የሆነበት አገር ብዙ ነው። ጥንታዊው ግሪካዊ ጸሐፊ ሄሮዶተስ ከጥቁር ባሕር በስተሰሜን ስለነበሩት ፈረሰኞች፣ ስለ እስኩቴሶች ሲጽፍ፣ ተዋጊው የገደለውን ሰው ራስ ለንጉሡ ካላቀረበ ከምርኮው ድርሻ የለውም ይላል። ይሄ ለእኔ ደረሰኝ ነው። ወረቀት በሌለበት አገር «ገደልኩ» ማለት ለማንም ቀላል ነው፤ ስለዚህ አሳይ ይባላል። በሰሜን ምሥራቅ ሕንድ፣ ናጋላንድ ያሉት ኮንያኮች ደረሰኙን ፊታቸው ላይ ይነቀሱት ነበር። ራስ ቆርጦ የመጣ ሰው ፊቱ ላይ በተነቀሰው ንቅሳት ይለያል። በደቡብ ምሥራቅ እስያ፣ በቦርኒዮ ደሴት ያሉት ኢባኖች ደግሞ የራስ ቅሉን በረጅሙ የጋራ ቤታቸው ውስጥ ይሰቅሉት ነበር።

ደረሰኝ ግን ሁሉንም አያስረዳም። በፊሊፒንስ፣ በሰሜን ሉዞን ተራሮች የሚኖሩት ኢሎንጎቶች ራሱን ከቆረጡ በኋላ አያስቀምጡትም ነበር። ይጥሉታል። አይሰቅሉት፣ አያደርቁት፣ ለአለቃ አያሳዩት። ለምን ሲባሉ የሰጡት መልስ አጭር ነው፦ የሞተብን ሰው ኀዘን ንዴት ሆኖ ደረታችን ላይ ይቀመጣል፤ ራሱን ስንወረውር ንዴቱ አብሮት ይወረወራል። ይህንን መጀመሪያ ሳነብ ወረቀቱን አስቀምጬ ትንሽ ተቀመጥኩ። ጎጃም ውስጥ የሰው ደም ያለበት ቤት ያደገ ሰው ነገሩ ቶሎ ይገባዋል። ለቅሶ ላይ ሙሾ አውራጇ ወንድምየውን በስም ጠርታ የምትለው ግጥም አለ፤ ልጁ ከዚያ በኋላ እንቅልፍ የለውም። «ደም መላሽ» የምንለው ሰውስ የሚፈልገው ምንድን ነው? ደረሰኝ አይደለም።

ነጭ ሰው ይህንን ሲጽፍ «አረመኔዎች» እያለ ነው። የኒውዚላንድ ማኦሪዎች ግን በንቅሳት ያጌጠ ራስ የሚያደርቁት የጠላትን ብቻ አልነበረም፤ የሚያከብሩትን ዘመዳቸውንም ነበር። ነጭ መርከበኞች መጡና የደረቀውን ራስ በጠመንጃ ይለውጡ ጀመር። ያኔ ራስ ሸቀጥ ሆነ፤ ለገበያ ተብሎ ሰው ይገደል ጀመር። አውስትራሊያ ያለው የእንግሊዝ ግዛት፣ የኒው ሳውዝ ዌልስ ገዥ ንግዱን የከለከለው በ1831 እ.ኤ.አ. ነው።

ወደ ቤታችን እንመለስ። በጥር 1880 ዓ.ም. የጎጃሙ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ደምቢያ፣ ሳር ውኃ ላይ በሱዳኖቹ ማህዲስቶች፣ ድርቡሽ በምንላቸው፣ ተሸነፉ፤ ጎንደርም ተቃጠለ። በዓመቱ አፄ ዮሐንስ በጎጃም ላይ ተቆጥተው አገሩን ካጠፉት በኋላ ወደ መተማ ወረዱ። መጋቢት 1 ቀን 1881 ዓ.ም. በጥይት ተመቱ። አስከሬናቸው ተይዞ ሲሄድ ማህዲስቶች ደርሰው ማረኩት፤ ራሳቸው ተቆርጦ የማህዲስቶቹ ከተማ ኦምዱርማን ገባ። ከአራት ዓመት በፊት የእንግሊዙ ጄኔራል ጎርዶን ራስም እዚያው አገር ለመሪያቸው ለማህዲው ቀርቦ ነበር። በ1898 እ.ኤ.አ. ደግሞ እንግሊዞች ኦምዱርማንን ሲይዙ የማህዲውን መቃብር አፍርሰው የራስ ቅሉን ወሰዱ። ለንደን ላይ ጩኸት ስለተነሣ እዚያው ሱዳን፣ ዋዲ ሀልፋ ቀበሩት። እንግዲህ አረመኔው የትኛው ነው?

አንዳንዱ ግዳይ ይመለሳል። የታንጋኒካው፣ የዛሬዋ ታንዛኒያ፣ አለቃ ምክዋዋ ከጀርመኖች ጋር ሲዋጋ ኖሮ በ1898 እ.ኤ.አ. ሞተ፤ የራስ ቅሉም ጀርመን ተወሰደ። ይመለስ ተብሎ በ1919ኙ የቬርሳይ ውል ውስጥ ሳይቀር ተጻፈ። አገሩ የገባው ግን በ1954 እ.ኤ.አ. ነው። በ1868 እ.ኤ.አ. መቅደላ ላይ ከአፄ ቴዎድሮስ ራስ የተቆረጠው ጸጉርም ለንደን በአንድ የጦር ሙዚየም ተቀምጦ ኖሮ፣ በ2019 እ.ኤ.አ. አዲስ አበባ ገባ። ጸጉር ለመመለስ 150 ዓመት።

የቡሬው ቆብም አያቴ ዘንድ አልቆየም። በማግስቱ ጠዋት ስንነሣ ከምስሉ ሥር፣ ከጸበል ጠርሙሱ ጎን አስቀምጣዋለች። «ይሄማ የትም አይሄድም» አለች። የኪራይ መሆኑን ማን ይንገራት? ሰኞ ልጁ እሷ ቤተ ክርስቲያን እስክትሄድ ጠብቆ አቧራውን አራገፈና በፌስታል ይዞት ወጣ።